አርባ ጠዋት በቁጥር አርባ ሰባት በር

ሰኞ ኅዳር 3 ቀን 2061 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ የወይራ ሜዳ ቁጥር አርባ ሰባት ትምህርት ቤት በር ምንትዋብን «እንደምን አደሩ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን አደርክ?» አለች። በሩ እንደማይመልስላት ታውቃለች። ሰላምታ ተቀብሎ ዝም ማለት ግን አይሆንላትም።

«ሶስናስ እንዴት አደረች?»

«ደህና፣ ክብር ምስጋና ይግባው።»

«እንቅልፍስ?»

«ደህና።»

«ትምህርቱስ እንዴት ይዟታል?»

«ይመስገነው፣ ደህና ነው።»

በሩ ተከፈተ። ልጇ ሶስና ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የግራ እጇን አንጓ ስትነክስ ነው ያነጋችው። ምንትዋብ እጇን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላላት ነበርና ጥለቱ ከዩኒፎርሙ እጅጌ ሥር ይታያል። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። አትናገርም፤ የሚባለውን ግን ሁሉ ትሰማለች። አባቷ የሞተው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው።

በዚያን ጊዜ ወይራ ሜዳ ታድግ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አራት ትምህርት ቤት የነበራት ከተማ ስልሳ አንድ ደርሳለች። የትምህርት ቀጠናው በየመንፈቁ ለሁለት ይከፈላል፤ የተከፈለውም ዓመት ሳይሞላው መልሶ ይከፈላል። መምህር ስላልተዳረሰ አንድ አዳራሽ ሁለት መቶ አርባ ልጅ ይይዛል፤ ለያንዳንዱ ልጅ የሚናገር ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛው ልጁን በስሙ ይጠራል፣ ያስተምራል፣ ያርማል፣ ያመሰግናል። ሁለት መቶ አርባው በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ይለምዱታል። ሶስና አልለመደችውም። ጠረጴዛው «ሶስና» ባላት ቁጥር ከሥሩ ትገባና ጆሮዋን ይዛ እስከ መውጫ ሰዓት እዚያው ትቆያለች።

የሚያስፈልጋት አንድ ሰው ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጠረጴዛውን ዝም አሰኝቶ፣ በእጁ እያሳየ የሚያስተምራት። በቀጠናው አጠራር «የጎን ሰው» ይባላል፤ ለስንት ሺህ ልጅ ጥቂት ነው ያለው። አዳራሹን ያልቻሉና የጎን ሰው ያልተፈቀደላቸው ልጆች የቤት ጠረጴዛ ይላክላቸዋል። ምንትዋብ በምትኖርበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ልጅ አለው። ወላጆቹ ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ጠረጴዛው በተዘጋው በር ውስጥ ብቻውን ሲያወራ ይሰማል። «አሁን ደግሞ አንተ ሞክር» ይላል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያ «ጎበዝ!» ይላል። ልጁን ከሁለት ዓመት ወዲህ ደረጃው ላይ ያየው ሰው የለም። ምንትዋብ በዚያ ፎቅ ስታልፍ ሶስናን ከበሩ በተቃራኒው በኩል ታደርጋታለች።

በዚያው ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ግድግዳ ፋብሪካ ሥራ ላይ እያለች መልእክት ደረሳት። ፋብሪካው ለአዳዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ያመርታል። የእሷ ሥራ የደረቀውን ግድግዳ ጠርዝ መሞረድ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ ይሆናል። አቧራውን ከስልኳ ላይ በቀሚሷ ጠርጋ አነበበችው።

«የተማሪ ሶስና ይትባረክ የጎን ሰው ጥያቄ ታይቷል። አሳዳጊዋ በአርባ ጠዋት ስለ ልጅቷ ተጠይቀው አርባውንም ጊዜ ደህና መሆኗን አረጋግጠዋል። ጥያቄው አልተፈቀደም። ከጥር 7 ቀን ጀምሮ የቤት ጠረጴዛ ይላክልዎታል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ለወንድሟ ለዘውዱ ደወለች። ዘውዱ የአውቶቡስ ጎማ የሚቀይር፣ ላጤ፣ ከእሷ በአምስት ዓመት የሚያንስ ነው።

«እኔ አረጋገጥኩ ወይ?» አለችው።

«ለማን?»

«ለበሩ።»

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ከሥራ ፈቃድ ወስደው ቀጠናው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ለባለጉዳይ የተመደበው ጊዜ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ሲያልቅ የወንበሩ መብራት ይቀላል። የተቀበላቸው አቶ ፍሬሰንበት የሚባል፣ ሹራቡን እስከ አገጩ የቆለፈ ሰው ነበር።

«ሰላምታ መስሎኝ ነው እኮ» አለችው ምንትዋብ።

«ሰላምታም ነው።»

«ታዲያ እንዴት አደርሽ ስባል ምን ልበል? በጠዋት ሰው ፊት ቆሜ ጉዴን ልዘርግፍ?»

«እህቴ፣ በሩ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ‹ችግር አለ?› ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ወላጅ ተቆጣ። ሰላምታ የማያውቅ በር ተባለ፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም በከዘራ መቱት። ያንን ሁሉ ወላጅ ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር ሰው ደግሞ የለንም። ስለዚህ በሩን አስተካከልነው። ሰው አክባሪ ሆነ።»

«ከዚያስ?» አለ ዘውዱ።

«ከዚያ በኋላ በቀጠናው ያለ ልጅ ሁሉ ደህና ሆነ።»

አቶ ፍሬሰንበት ይህን ሲል አልሳቀም። ዘውዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«እርስዎ ይህን እያወቁ ነው?» አለች ምንትዋብ።

«እኔም በበሩ አልፋለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሲጠይቀኝ ደህና ናቸው እላለሁ።» ሰዓቱን አየ። «ይግባኝ አለ። ሌላ አርባ ጠዋት ነው። ያለውን እንዳለ ይናገሩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አፍ ያመልጣልና አንድ ጊዜ ይታለፋል። ሁለተኛ ደህና ካሉ ግን ፋይሉ ይዘጋል።»

«ልጄ ጠረጴዛ ሥር ስትውል አታዩም? ጠረጴዛው አይናገርም?»

«ጠረጴዛው ከሥሩ ያለውን አያይም። ከፊቱ ያለውን ነው የሚያየው። ከፊቱ ልጅ ከሌለ ቀሪ ብሎ ይመዘግባል።» አቶ ፍሬሰንበት ፍጥነት ጨመረ። «ደግሞ ጥር 7 ቀጠናው ይከፈላል። አርባ ሰባት ቁጥር ወደ አዲሱ ይሄዳል። አዲሱ ያለቀ ውሳኔ ይረከባል እንጂ የተጀመረ አይረከብም። ከሰኞ ቢጀምሩ፣ የገናን ቀን ስናወጣ፣ አርባኛው ጠዋት ጥር 6 ነው። አንድ ቀን መቅረት የለም። ቢታመሙ ተወካይ ያስመዝግቡ።»

ዘውዱ ስሙን ሲያስመዘግብ መብራቱ ቀላ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዘውዱ መንገድ ላይ ያለማምዳት ጀመር።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ምንትዋብ?»

«ደህና፣ እግዚ—»

«ይኸው! አንዱ ሄደ።»

«ስለ እኔ ነው የጠየቅኸኝ።»

«እሺ። ሶስናስ እንዴት አደረች?»

«ደህ... አላደረችም።»

«አላደረችም ማለት ምንድን ነው? ሞተች እንዴ? እትዬ፣ በጨዋነትሽ ልጅቷን ልታስቀሪያት ነው።»

«እንደ አንተ አፈ ቀላል ሆኜ አላደግሁማ!»

«አንድ ቤት ነው ያደግነው።»

«አንተን እማዬ ደክሟት ነው ያሳደገችህ።»

ሰኞ ኅዳር 10፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በሩ «ሶስናስ እንዴት አደረች?» ብሎ ጠየቃት። ምንትዋብ ከሐሙስ ጀምሮ የተለማመደችውን ይዛ አፏን ከፈተች፤ የወጣው «ደህና፣ ይመስገን» ነው። የሚታለፈው አንድ ስሕተት በመጀመሪያው ጠዋት አለቀ። ያን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ከማንም ጋር ሰላም አልተባባለችም፤ ምላሷን ከልማዱ ልታስወጣው ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ የተጣላቻቸው መሰላቸው።

ማክሰኞ ተናገረች። «አልተኛችም። እጇን ስትነክስ ነው ያደረችው። ትምህርቱ አልያዛትም፤ ጠረጴዛ ሥር ነው የምትውለው።» እንደ ተሸመደደ ጸሎት በአንድ ትንፋሽ ነበር ያለችው።

ከኋላዋ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የቆሙት እማማ የሺ አማተቡ። «በስመ አብ! ምንትዬ፣ ምን ነካሽ? በጠዋት በልጅሽ ላይ ታሟርቻለሽ?»

«በሩ ነው የጠየቀኝ እማማ።»

«በር ጠየቀ ተብሎ! ደህና ናት በይ፣ ደህና ትሆናለች። አፍ እኮ ክፉ ነው።»

ሶስና አንድ ጊዜ እናቷን፣ አንድ ጊዜ አሮጊቷን አየች። ከዚያ ገባች።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። በየጠዋቱ፣ ከሰባ በላይ ሰው በተሰለፈበት፣ ምንትዋብ የልጇን ሌሊት ለበሩ ትናገራለች። አንሶላ ማራሷን ተናገረች። ባለሱቁን መቧጨሯን ተናገረች። አውቶቡስ ውስጥ መሬት ላይ ተጋድማ ሰው ሲራመድባት መዋሏን ተናገረች። ሰልፈኛው መጀመሪያ ይሰማ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ከእሷ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ መቆም ጀመረ። አንዳንዱ ለአክብሮት ነው፣ አንዳንዱ እንዳይጋባበት ነው። አንዲት እናት የልጇን ዓይን በእጇ ስትሸፍን ታየች። በሦስተኛው ሳምንት ሶስና ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የእናቷን እጅ ማወዛወዝ ተወች። ቀድሞ እንደ ዥዋዥዌ ነበር የምታወዛውዘው። አሁን ይዛው ብቻ ትሄዳለች።

በአሥራ ሰባተኛው ጠዋት እማማ የሺ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ሲባል ይሰጣሉ?»

«ይሰጣሉ አሉ።»

«የእኔም ልጅ እኮ እስካሁን ከሀ ለን አልለየም። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጠረጴዛው ጎበዝ ጎበዝ ይለዋል።»

«ይንገሩት እማማ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ?»

«እነግረዋለሁ። ምን አፍራለሁ? በዚህ ዕድሜዬ!»

ተራቸው ደረሰ። በሩ «ልጁስ እንዴት አደረ?» አላቸው። እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ደህና ነው፣ እሰይ የኔ ጌታ፣ ክብር ለእሱ ይሁን» አሉ፤ ገቡም።

ታኅሣሥ 18፣ በሃያ ዘጠነኛው ጠዋት፣ ምንትዋብ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ከኅዳር ጀምሮ ታስል ነበር፤ ግድግዳ ፋብሪካ ውስጥ የማያስል ስለሌለ ማንም ጉዳዬ አላለውም። ያን ቀን ግን ትኩሳት ያዛት። ትራስዋ ላይ ነጭ አክታ ነበር፣ ጠርዙ ሮዝ የሆነ። ዘውዱን አስጠራችው።

«ምን እንደምትለው ታውቃለህ?»

«አልተኛችም። እጇን ነከሰች። ጠረጴዛ ሥር ነው የምትውለው።»

«እንቅልፉን ለብቻ ይጠይቅሃል። አትቸኩል።»

«አንቺ ተኚ እትዬ።»

ዘውዱ ሶስናን ይዞ ሄደ። በመንገድ ላይ ሦስቱን መልስ እየደጋገመ ስለሄደ ልጅቷ ቀና ብላ ታየው ነበር። በሩ ተወካይነቱን አረጋግጦ ጠየቀው። ዘውዱ አንድም ሳይስት መለሰ። በሩ አልተከፈተም።

«ወይዘሮ ምንትዋብስ እንዴት አደሩ?» አለው።

«ደህና ናት፣ ይመስገን» አለ ዘውዱ።

በሩ ተከፈተ።

በማግስቱ ምንትዋብ በሁለት እግሯ ሄደች። ከዚያም በኋላ አንድም ጠዋት አልቀረችም። የገና ዋዜማ ላይ ዘውዱ የቀረውን ጠዋት ግድግዳው ላይ በከሰል አሰመረላት፤ አምስት መስመር ነበር። በገና ማግስት አንዱን ሰረዘ። እስከ ዓርብ ጥር 3 ድረስ አንድ ቀረ።

እሑድ ጥር 5 ማታ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሶስና ራሷ ሄዳ ተኛች። እስኪነጋ አልተነሳችም። ለእንዲህ ያለ ሌሊት ማንም የሚያውቀው ምክንያት አልነበረም። ጠዋት ስትነሳ እጇ ንጹሕ ነበር፤ የነጠላው ቁራጭ እንደታሰረ። ምንትዋብ ፀጉሯን ስታበጥርላት ልጅቷ ከጉሮሮዋ ዜማ የሚመስል ነገር አወጣች፤ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ቃል የሌለው። ከዚያ ዘወር ብላ መዳፏን በእናቷ ጉንጭ ላይ አደረገች፤ አቆየችውም። ከተወለደች እንዲህ አድርጋ አታውቅም። በመንገድ ላይ የእናቷን እጅ እያወዛወዘች ሄደች።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ ወደ አዲሱ ቀጠና ስለሚሄድ ሠራተኞች ከበሩ በላይ ያለውን ስም በቀለም እያጠፉ ነበር። ምንትዋብ ተራዋ ሲደርስ ሶስና ዜማዋን አላቋረጠችም።

«እንደምን አደሩ?»

«ይመስገነው።»

«ሶስናስ እንዴት አደረች?»

ምንትዋብ ወደ ሶስና አየች። በሩ አሥር ሰኮንድ ይጠብቃል፤ ካልተመለሰለት እንደገና ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ካልተመለሰለት እንደ ቀሪ ይቆጥራል። ከኋላዋ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እማማ የሺ «ምንትዬ፣ ተናገሪ እንጂ» አሉ።

«ሶስናስ እንዴት አደረች?» አለ በሩ፣ በዚያው አክብሮት።

«አልተኛችም» አለች ምንትዋብ። «ስታለቅስ አደረች። እጇን ነከሰች።»

«እንቅልፍስ?»

«የለም።»

«ትምህርቱስ እንዴት ይዟታል?»

«አልያዛትም።»

ዜማው ቆመ። ሶስና እጇን ከእናቷ እጅ ውስጥ አወጣች። አልጎተተችም፤ ሰው ከኪሱ እጁን እንደሚያወጣ ነው ያወጣችው። በሩ ተከፈተ፤ ወደ ኋላ ሳታይ ገባች። በዚያ ቀን ጠረጴዛዋ ከሁለት ሰዓት ከአምስት ጀምሮ ቀሪ ብሎ መዝግቧታል።

ውሳኔው በዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። «አሳዳጊዋ በተከታታይ ባረጋገጡት መሠረት የጎን ሰው ተፈቅዷል።» ምንትዋብ ለዘውዱ በስልክ አነበበችለት። ዘውዱ በዚያ ፋብሪካ ጩኸት መሐል እንኳ እስኪሰማት እልል አለ፤ ወንድ እልል አይልም ብለው የጎማ ሠራተኞቹ ሳቁበት።

ማታ መጥቶ ግድግዳው ላይ የቀረችውን አንዷን መስመር ሲሰርዝ ምንትዋብ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሶስና ግድግዳው ጥግ ተኝታለች፤ ፊቷን አዙራ።

«ታውቃለች» አለች ምንትዋብ።

«ምኑን?»

«እንደዋሸሁ።»

«ለእሷ ብለሽ አይደለ እንዴ?»

«እሱን ነው የማታውቀው።»

ዘውዱ ከሰሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ታጠበ።

የጎን ሰው ሆና የተመደበችው ወይዘሮ አስካለ የምትባል፣ በፊት መናኸሪያ ውስጥ ቲኬት ትቆርጥ የነበረች ሴት ናት። ጥር 13 ቀን ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ሥራዋ የጠረጴዛውን ድምፅ ማጥፋት ነበር። ለሦስት ሳምንት ከሶስና ጋር ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ዋለች፤ ቀሚሷ ከጉልበቱ ላይ ተበላ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሶስናም ተቀመጠች። ሚያዝያ ላይ እስከ እረፍት ሰዓት ትቀመጥ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ስሟን በእርሳስ ትጽፋለች፤ የ«ስ»ን እግር ከመጠን በላይ ታስረዝመዋለች። የቤት ጠረጴዛው አልመጣም።

በጠዋት ከእናቷ ጋር ስትሄድ ሦስት እርምጃ ትቀድማለች። እጅ አትይዝም። ምንትዋብ አንዳንዴ እጇን ትዘረጋና ጥቂት ጠብቃ ታጥፈዋለች።

ምንትዋብ ሐምሌ 19 ቀን 2062 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ሞተች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የጎን ሰው ፈቃድ በየዓመቱ በሌላ አርባ ጠዋት የሚታደስ ነው። የሶስና የ2063 ፈቃድ ጥቅምት 28 ቀን ታደሰ፤ አርባውን ጠዋት በሩ ላይ የቆመው ዘውዱ ነው።